ባለ ሐቅ

«ቦታው ነበረ» አለ ከማል፣ ከሙጂብ አጠገብ ሰሌኑ ላይ እንደተቀመጠ፣ ቀና ሳይል። «ያኔ የለም ያልኩህ ዋሽቼ ነው።»

ሙጂብ መጀመሪያ አልገባውም። የአባቱ የመምህር ጀይሉ ለቅሶ ሁለተኛ ቀኑ ነው፤ ድንኳኑን የከሚሴ ሰውና ከጨፋ ሮቢት የመጡ ገበሬዎች ሞልተውታል። ከማል የሟቹ የድሮ ተማሪ ሲሆን አሁን የከተማው አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ነው።

«ቲቸር ቢሮዬ መጥተው ልጄን አትቅጠርብኝ አሉኝ» ሲል ቀጠለ። «እሳቸው ለምነውኝ አያውቁም። እምቢ ማለት አቃተኝ።»

ሙጂብ አርባ ሦስት ዓመቱ ነው። አሥራ ሰባቱን ዓመት የኖረው አዲስ አበባ፣ በአንድ ባንክ መስኮት በሌለው ቀዝቃዛ ክፍል፣ ሰርቨር ሲጠብቅ ነው። ከዚያ የባንኩ የገጠር ቅርንጫፎች ከመዝገብ ወደ ኮምፒውተር ሲዞሩ፣ ሠራተኞቻቸውን ሁለት ሳምንት እንዲያሠለጥን ላኩት። ጡረታዋ የደረሰ አንዲት ገንዘብ ያዥ ፊደሎቹን በአንድ ጣት እየፈለገች ስሟን ጽፋ ስትጨርስ እንደ ልጅ ሳቀች። ከዚያ ወዲያ ቀዝቃዛው ክፍል ጠበበው። በክረምት እየተማረ የመምህርነት ዲፕሎማ ያዘ፤ ነሐሴ ላይ ሥራውን ለቀቀ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም አለ ዘመድ ሁሉ።

አባቱ ግን የተናገሩት በስልክ ነበር። «ሠላሳ አንድ ዓመት የጠመኔ አቧራ የዋጥኩት አንተ እንዳትውጥ ነው» አሉት። እሱም መለሰ፦ «አባባ፣ ሥራውን እንዲህ ከጠሉት፣ ያስተማሯቸው ልጆች ያሳዝኑኛል።» ስልኩን ዘጋው። መምህር ጀይሉ ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ ከጁምዓ ሶላት መልስ ይደውሉ ነበር። ሦስት ወር ሙሉ አላነሳላቸውም። አራተኛው ወር ላይ የደወለችለት እህቱ ዓዲላ ናት፤ አባቱ ማለፋቸውን ልትነግረው።

አሁን ተናደደ፤ ሥራ እንደለቀቀ ከማልን የማስተማር ቦታ ጠይቆት የለም ተብሎ ነበር። ሥራ የለቀቀ ሰው ቤቱ ተቀምጦ የሚያሳልፈው ሦስት ወር ስንት እንደሚረዝም የተቀመጠ ያውቀዋል።

«ለምን?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ከማል ነገረው። መምህር ጀይሉ ባለፈው ዓመት ለአንድ ጉዳይ አንድ መሥሪያ ቤት ሄደው ከጠዋት እስከ ቀትር በር ላይ ቆመዋል። ኃላፊው የገዛ ተማሪያቸው ነው። በመጨረሻ ወጥቶ «ማን ነዎት?» አላቸው።

«ልጄን ማን ነህ እንዲሉት አልፈልግም አሉኝ። ቦታው እስካሁን ባዶ ነው ሙጂብ። ዘጠነኛ ክፍሎች የኮምፒውተር መምህር የላቸውም። እኔን አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ።»

ሙጂብ ከማልን አውፍ አለው። ያ አልከበደውም።

ማታ ለዓዲላ ሁሉንም ነገራት። በአገሩ ልማድ በሦስተኛው ቀን የሟች የበኩር ልጅ ተነስቶ ሕዝቡን ለሟቹ አውፍ ይጠይቃል፤ የተበደለ ሰው ከልቡ ይቅር ያላለውን ሐቅ ሟች ይጠየቅበታል ይባላል። ዓዲላ አባቷ በድንገት ታመው እስኪያልፉ ያስታመመች ናት።

«ባለ ሐቁ፣ ተበዳዩ፣ አንተው ሆነህ ሌላውን እንዴት ትጠይቃለህ?» አለችው። «ወይ ከልብህ በል፣ ወይ አትነሳ። በአባቴ ላይ የአፍ አውፍ እንዳትልብኝ።»

በማግስቱ፣ በሦስተኛው ቀን፣ ሙጂብ የሚገባውን ሰው እጅ ይጨብጣል፤ ለመነሳት ግን ገና አልቆረጠም ነበር። አንድ የጨፋ ሽማግሌ «ረቢ ሃ ረህመቱ፣ አላህ ይዘንላቸው» ብለው አጠገቡ ተቀመጡና ስለ አባቱ ያወሩለት ጀመር። አንድ ዓመት ማሽላ ሲደርስ ሽማግሌው ልጃቸውን ሙሚናን ከትምህርት አስቀርተዋት ነበር። መምህር ጀይሉ ማጭድ ይዘው ማሳቸው ድረስ መጡ። የሷን ድርሻ እኔ ላጭድ፣ እሷን ልቀቅልኝ አሉ፤ የአጨዳውን ሳምንት ሙሉ ከክፍል መልስ ተመላለሱ። እጃቸው ተላልጦ ነበር አሉ ሽማግሌው፣ ጠመኔ መያዝ እስኪያቅታቸው።

ሙጂብ ይህን አያውቅም። አባቱ ሥራውን የጠሉ መስሎት ነበር።

ሥርዓቱን የሚመሩት ሼህ ጀይላን ቁርኣኑ ተቀርቶ እንዳበቃ ወደ እሱ ዞሩ።  ከሴቶቹ በኩል ያለው ሹክሹክታ ቆመ። ሙጂብ አልተነሳም። ሼሁ ጠበቁ፤ ሰው እርስ በርሱ መተያየት ጀመረ። ከማል መሬት መሬቱን ያያል።

ተነሳ።

«አባቴ በቃልም በሥራም የበደላችሁ ካላችሁ አውፍ በሉልኝ።»

«አውፍ ብለናል» አለ ድንኳኑ በአንድ ድምፅ።

መቀመጥ ነበረበት። እንደቆመ ቀረ።

«እኔም ሐቅ ነበረብኝ... ነበረኝ» አለ። ምላሱ ተሳሰረ። «ከልቤ አውፍ ብያቸዋለሁ። ግን እኔም በድያቸዋለሁ። ሦስት ወር ሙሉ ደውለው አላነሳሁላቸውም። ለእኔስ ማን አውፍ ይበልልኝ?»

 መመለስ የሚችለው ሰው ከትናንት በስቲያ ተቀብሯል። ሼህ ጀይላን መዳፋቸውን ዘርግተው ዱዓ ጀመሩ፤ ሁሉም አብሮ ዘረጋ። ዱዓው ረዘመ። አሚን ተብሎ ሰው ሁሉ ፊቱን በመዳፉ አብሶ ሲጨርስ፣ የሙጂብ እጆች እንደተዘረጉ ነበሩ። ከማል ተነስቶ ሁለቱንም በእጆቹ ያዛቸውና ቀስ አድርጎ አወረደለት።