ልጁ እየጸለየ ነው

ሽማግሌ ይመጣል የተባለው ቅዳሜ ጠዋት ነበር። ሆመቾ ላይ ሰው ሞተና ሽማግሌዎቹ ቀብር ስለሄዱ ቀጠሮው ወደ ከሰዓት በኋላ ተዛወረ። የሞተውን ሰውዬ አላውቀውም፤ ቤተሰቡን ጌታ ያጽናና። እውነቱን ለመናገር ግን ተቀይሜዋለሁ። ሰው ለመሞት ሌላ ቀን አጥቶ ነው?

እኔ ሁሉን ነገር ያሰናዳሁት ለጠዋት ነው። የሚያገባኝ ልጅ፣ ሚክያስ፣ ከሜልበርን ተነስቶ አዲስ አበባ የገባው ሐሙስ ነው። ዓርብ በሚኒባስ ሆሳዕና፣ ዘመዶቹ ጋ ደረሰ። አውስትራሊያ ማለት እኛ ምሳ ስንበላ እነሱ እራት በልተው ሳህን የሚያጥቡበት አገር ነው። እኔ ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ስወጣ እሱ ጋ የመኝታ ሰዓት ደርሷል። የሚሠራው አረጋውያን መጦሪያ ቤት ስለሆነ ገና ሳይነጋ መነሳት አለበት። ስለዚህ በቪዲዮ ስናወራ ብዙ ጊዜ እንቅልፍ ይወስደዋል። መጀመሪያ ዓይኑ ይከደናል፣ ከዚያ የታችኛው ከንፈሩ ትንሽ ይንጠለጠላል፣ መጨረሻ ላይ ግራ እጁ እንደ ሕፃን እጅ ይከፈታል። እጁ ከተከፈተ በቃ፣ ቤቱ ቢፈርስም አይሰማም። አንዳንድ ጊዜ ስልኩን ዘግቼ የተማሪ ፈተና አርማለሁ። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ሳልዘጋ ዝም ብዬ አየዋለሁ።

ጄት ላግ ስለሚባለው የረጅም በረራ ድካም ያላነበብኩት የለም። ቀን አትተኛ ይላል፣ ፀሐይ ሙቅ ይላል፣ ውሃ ጠጣ ይላል፣ ከደረስክበት አገር ሰዓት ጋር ወዲያው ተላመድ ይላል። ዓርብ ሆሳዕና ከደረሰ ጀምሮ በየሰዓቱ እየደወልኩ አስጨነቅኩት።

«ተኝተሃል?»

«አልተኛሁም።»

«ድምፅህ የተኛ ሰው ድምፅ ነው። ውጣና ተራመድ።»

ምስኪን፣ ከከተማው ወጥቶ በሌሞ በኩል እስኪደክመው ተራመደ። ባለ ጋሪዎቹ አጠገቡ ሲደርሱ እየቆሙ «ወንድም፣ ወዴት ነው? ና ውጣ» ይሉታል። እሱ ደግሞ «አይ፣ በእግሬ እንድሄድ ታዝዤ ነው» ይላቸዋል። ማታ ደውሎ «አንቺ አስተማሪ ነሽ ወይስ ሐኪም?» አለኝ። «ሚስት ልሆን ነው» አልኩት። ሳቀ፤ ሳቁም የተኛ ሰው ሳቅ ነበር።

እንዲህ የተጨነቅኩት በአባባ ምክንያት ነው። በእኛ ወግ ለጋብቻ ጥያቄ ሽማግሌ ይላካል እንጂ ልጁ ራሱ አይመጣም። አባባ ግን «ራሱ ይምጣ፤ ዓይኑን እያየሁ ላናግረው» አለ። ይህን ያለው በታላቅ እህቴ በዓለሚቱ የደረሰውን አይቶ ነው። እኛ ሁለት ሴቶች ነን፣ ወንድም የለንም፤ እናታችንም አርፋለች። ዓለሚቱን የጠየቃት ሰውዬ እዚሁ ዳምቦያ፣ እዚሁ ሳሎናችን ውስጥ ተንበርክኮ ጸለየ። አባባ «ጌታ ምን ተናገረህ?» ቢለው «ስሟን ጠርቶ ሚስትህ ናት አለኝ» ብሎ አለቀሰ። አባባም አብሮት አልቅሶ ዳረለት። ሰውዬው ሌላ ሚስትና ልጆች እንዳሉት የሰማነው ቆይቶ ነው። ዓለሚቱ አንድ ሻንጣ ይዛ ተመለሰች፤ አባባም ከዚያን ቀን ጀምሮ «ጌታ ነገረኝ» የሚል ሰው ባለበት አይቀመጥም። እኔን እምቢ ካለኝ እምቢታው ክፋት እንዳልሆነ አውቃለሁ። የእህቴን ዓይን በየቀኑ እያየ ሌላ ምን ይበል? ግን ሚክያስን እወደዋለሁ፤ ያለ አባባ ፈቃድ ደግሞ አላገባም።

ከሰዓት በኋላ መጡ። አጎቱ ጋሽ ሳህሉ ከፊት፣ ሁለት የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ከኋላ፣ ሚክያስ መጨረሻ። እኔና ዓለሚቱ ከጓዳው መጋረጃ ጀርባ ቆመናል፤ ጨርቁ ሳሳ ያለ ስለሆነ ሁሉም ነገር ይታያል። በአካል ካየሁት ሦስት ዓመቴ ነው። ሱፍ ለብሷል፣ ከስቷል፣ ዓይኑ በርበሬ መስሏል።

«ማራኪ፣ ይጠጣል እንዴ?» አለችኝ ዓለሚቱ በሹክሹክታ።

«ጄት ላግ ነው።»

«ይተላለፋል?»

ቆነጠጥኳት።

ጋሽ ሳህሉ ወጉን ጠብቀው ተናገሩ። «አቶ ጠና፣ ወንድ ልጃችንን ልጅ አድርጋችሁ ተቀበሉን፤ ሴት ልጃችሁንም ልጅ አድርገን እንውሰድ ብለን መጥተናል» አሉ። አባባ አንገቱን ነቀነቀና ፊቱን ወደ ሚክያስ አዞረ። ሥራውን፣ ቤተ ክርስቲያኑን፣ እናቱ ጋ ስንት ጊዜ እንደሚደውል ጠየቀው። ሚክያስ በደንብ መለሰ፤ ብቻ በየመልሱ መሀል ትንሽ ይዘገያል። አባባ ደግሞ የሚዘገይ ሰው አይወድም፤ ውሸት እየፈለገ ይመስለዋል። የማደርገው ጠፋኝ፤ መጋረጃውን ይዤ እጠመዝዘዋለሁ።

በመጨረሻ አባባ «መልስ ከመስጠቴ በፊት እንጸልይ» አለ። ዕድሌ! ጋሽ ሳህሉ በጸሎት ርዝመት የታወቁ ናቸው። በአማርኛ ይጀምራሉ፤ ልባቸው ሲሞቅ ወደ ሀዲይኛ ይገባሉ፤ ከገቡ በኋላ የሚያወጣቸው የለም። ሁሉም ጎንበስ ብሎ ዓይኑን ጨፈነ። እኔ አልጨፈንኩም፤ ጌታ ይቅር ይበለኝ፣ ሚክያስን ነበር የማየው።

ድምፃቸው ዝቅ ብሎ፣ ወፍራም ሆኖ ይፈሳል። ሀዲይኛ የሚክያስ የእናቱ ቋንቋ ነው። እዚያ ማዶ ማን ያናግረዋል? ትከሻው ሲረግብ አየሁት። ከንፈሩ ትንሽ ተንጠለጠለ። ከዚያ ግራ እጁ ጉልበቱ ላይ ቀስ ብሎ ተከፈተ።

አለቀልኝ አልኩ።

«አሜን!» አሉ ጋሽ ሳህሉ። «አሜን» አሉ ሁሉም፤ ዓይናቸውንም ገለጡ። ሚክያስ ግን እንዳጎነበሰ ነው። አንዱ ሽማግሌ ሊነካው እጁን ሲዘረጋ ጋሽ ሳህሉ ያዙት። ፊታቸው በርቷል። «ተዉት፣ አትንኩት» አሉ በለሆሳስ፤ «ልጁ እየጸለየ ነው። መንፈስ ይዞታል።» አንደኛው ሽማግሌ «ክብር ለጌታ!» አለ። ሌላው እጁን አንስቶ በሹክሹክታ መዝሙር ጀመረ። ሁሉም የሚክያስን እንቅልፍ በአክብሮት ይጠብቃል።

አጠገቤ የብርጭቆ ትሪ አለ። ብለቀው ይነቃል። ካልነቃ ደግሞ ያንኮራፋል፤ ሲያንኮራፋም አውቀዋለሁ፣ ትንሽ አይደለም። ትሪውን አነሳሁት። ከዚያ ፊቱን አየሁት። ሰማይ ለሰማይ ተንጠልጥሎ የመጣ ሰው፣ እኔ በስልክ እያሯሯጥኩ ያላስተኛሁት ሰው፣ እኛ ቤት ገብቶ ገና አሁን ማረፉ ነው። አንጀቴን በላው። ትሪውን ድምፅ ሳላሰማ መልሼ አስቀመጥኩት። የፈለገው ይምጣ፣ እኔ ግን አልቀሰቅሰውም አልኩ።

አባባ አልዘመረም። ሚክያስን ትኩር ብሎ ያያል፤ ፊቱ እንዳያምን የፈራ፣ ማመንም ያማረው ሰው ፊት ነው። እንደዚያ ሆኖ ሳየው አሳዘነኝ።

ሚክያስ ራሱ ብንን ብሎ ነቃ። ሁሉም እያየው ነው። አፉን ጠረገ።

«ጌታ ምን ተናገረህ?» አለ አባባ።

ዓለሚቱ ክንዴን ጨመቀችው፤ ጥፍሯ ገባ። በዚያው ቃል፣ በዚያው ቤት፣ በዚያው ድምፅ የተጠየቀ ጥያቄ ነው። ሚክያስ የእህቴን ታሪክ አያውቅም። የእኔ ስላልሆነ ነግሬው አላውቅም። ጋሽ ሳህሉ በጉጉት ወደ ፊት ተስበው «ተናገር ልጄ፣ አትፍራ፣ ተናገር» ይሉታል። አንድ ቃል ብቻ ነው የቀረው። «አዎ ብሎኛል» ቢል ሽማግሌዎቹ እልል ይላሉ፤ አባባ ግን ተነስቶ ይወጣል። ወይም ይባስ ብሎ ያምነዋል፣ እኔም ውሸቱን ይዤ እኖራለሁ።

ሚክያስ አጎቱን አየ፣ ሽማግሌዎቹን አየ፣ ከዚያ አባባን አየ።

«አባባ፣ ጌታ ምንም አላለኝም» አለ። «ተኝቼ ነው።»

መዝሙር የጀመረው ሽማግሌ ያነሳውን እጁን አወረደ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ እንቅልፍ አላገኘሁም። ጋሽ ሳህሉ በሀዲይኛ ሲጀምሩ እናቴ ቤት ያለሁ መሰለኝ።»

ጋሽ ሳህሉ ራሳቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። «አይ ሚክያስ! አይ አንተ ልጅ!» አሉ። ከዚያ ነገሩን ሊያስተካክሉ ሞከሩ። «አቶ ጠና፣ እንዳይቀየሙ፤ ጄት የሚባል ነገር ይዞት ነው። አየር ላይ ነው አሉ የሚይዘው። መድኃኒቱ በእግር መሄድ ነው።»

አባባ አልሰማቸውም። «በጸሎት መሀል ተኛህ?» አለ።

«አዎ።»

«ከየቱ ጋ ጀምሮ?»

ሚክያስ አሰበ። «‹ይህን ቤት ባርክ› ካሉበት ጀምሮ።»

«እሱማ የሀዲይኛው መጀመሪያ ነው!»

«አዎ፣ መጀመሪያው ጋ ነው» አለ ሚክያስ አንገቱን ደፍቶ።

አንዱ ሽማግሌ ሳቁ አመለጠውና በሳል ሸፈነው። አባባ አልሳቀም፤ ግን ዓለሚቱ ከተመለሰች ጊዜ ጀምሮ ተሰቅሎ የቀረው ትከሻው ሲወርድ በዓይኔ አየሁ። ተነሳ፣ ሚክያስን ክንዱን ይዞ አስነሳውና መጋረጃውን ከፍቶ በእኛ መሀል አሳለፈው። ወደ ራሱ መኝታ ቤት ነበር የወሰደው። ሚክያስ እኔን ሲያይ ቆመ፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ያገናኘን ይህ ነው፣ ሰላም ለማለት እንኳ ጊዜ አልነበረም።

«አባባ፣ ግድ የለም፤ ቀን መተኛት አይፈቀድልኝም» አለ። «ማራኪ ከልክላኛለች።»

አባባ ወደ እኔ ዞረ። «አንቺ ነሽ ሰው እንዳይተኛ የከለከልሽው?»

«ለእሱ ብዬ ነው፤ ሰዓቱን እንዲለምድ...»

«ሰዓቱ ይቆየው» አለ። ሚክያስን አልጋው ላይ አስቀመጠው። ዓለሚቱ ሳትታዘዝ ብርድ ልብስ አምጥታ በእግሩ በኩል አለበሰችው። ብርድ ልብሱን ሁለት ጊዜ አስተካከለችው። እኛ ሳንወጣ እጁ ተከፈተ።

አባባ ሳሎን ተመልሶ ተቀመጠ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ይተያያሉ። ጋሽ ሳህሉ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ አቶ ጠና፣ ዛሬ ነገሩ እንደዚህ ሆነብን። አፍረናል። መልሱን ለሌላ ቀን ካሉንም እንረዳለን» አሉ።

አባባ አፉን ሊከፍት ሲል ጎረቤታችን ሶፎንያስ ጣራው ላይ ወጥቶ ቆርቆሮ መምታት ጀመረ። ቡም! ቡም! ቤቱ ተናወጠ። አባባ ሽማግሌዎቹን እንዳስቀመጠ በሩን ከፍቶ ወጣ፤ ለእንግዳ ይቅርታ እንኳ አላለም። በመስኮት አየሁት፤ ባዶ እግሩን ነው የወጣው።

«ሶፎንያስ! መዶሻህን አስቀምጥ!» አለ፣ እየጮኸ ላለመጮህ እየሞከረ። «ሰው ተኝቷል!»

«በዚህ ሰዓት ማን ነው የሚተኛው?» አለ ሶፎንያስ ከላይ።

«ልጄ ነው።»

መዶሻው ቆመ። ሳሎን ውስጥ ጋሽ ሳህሉ ከወንበራቸው ብድግ አሉ።

«ጠና፣ አንተ ደግሞ ወንድ ልጅ መቼ ኖረህ?» አለ ሶፎንያስ ከጣራው።

«አለኝ» አለ አባባ። «ከሩቅ አገር መጥቶ ደክሞታል። በል ውረድ።»

ዓለሚቱ መጋረጃውን ፊቷ ላይ ሳበችው። እኔ ግን አልሸፈንኩም፤ ሽማግሌዎቹ እያዩኝ ቆሜ አለቀስኩ።