የጣይባ ኒካህ

…አለ ብል ልጄ ጣይባ ዛሬ አትዳርም፣ ሞቷል ብል ገደልኩት፣ ሸኽ ዘይኑልአቢዲን ከመጋረጃው ወዲያ ሆነው ይጠብቁኛል፣ አንቺ ሐዋ፣ የልጅቱ አባት በሕይወት ካለ ፈቃዱ ይምጣ፣ ከሞተም ንገሪንና ወንድሙ ጀላል ይዳራት፣ ኒካህ ያለ ወሊይ፣ ያለ ዳሪ ወንድ ዘመድ፣ አይታሰርም። እውነታቸውን ነው። ሸሪዓው የሚያውቀው ያለውንና የሞተውን ነው፣ ባሌን የሱፍን የት ያድርገው?

ያኔ ጣይባ የወተት ጥርሷን እየነቀለች ነበር፣ እሱ ከኮምቦልቻ ደሴ ማሽላ ሊሸጥ ወጥቶ አብዮት ጥበቃዎች ከገበያ መሐል ወሰዱት፣ ስንቅ አመላለስኩ፣ ሰሃኑ ባዶውን ሲመለስልኝ በልቷል፣ አለ፣ አልሐምዱሊላህ እያልኩ ሐረጎን ቁልቁል እወርዳለሁ፣ አንድ ጠዋት ዘበኛው ሳያስገባው መለሰልኝ፣ እንዲህ የሚባል ሰው አልያዝንም፣ ኧረ ወንድሜ ትናንት ተቀብለኸኝ፣ ሴትዮ ሰው ተሳስተሻል፣ ሂጂ። ባሌን? እኔ? ቀበሌ ብሄድ አናውቅም፣ ከፍተኛ ብሄድ አናውቅም፣ ያሰረ የለ፣ የገደለ የለ፣ ሬሳ የለ፣ ጓድ ሊቀመንበሩማ ሌላ ሴት ይዞ ኮብልሎ እንደሆነስ ብሎ ሳቀብኝ፣ ጥርሱ ይርገፍ።

ጎረቤቴ ረሂማ በክርኗ ትጎሽመኛለች፣ ሐዋ ሰው እየጠበቀ ነው እኮ፣ የሙሽራው ወገኖች ከሐርቡ ድረስ መጥተው ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። አላውቅም ብልስ? አላውቅም ካልሽ ቃዲው ዘንድ፣ ቃዲው ደግሞ ከመንግሥት ማስረጃ አምጪ፣ መንግሥት አልያዝንም፣ ዙሪያ ጥምጥም፣ እስከዚያ ልጄ ቆማ ትቅር? ጣይባ ሒናዋን እያየች አንገቷን ደፍታለች፣ እማ እንደፈለግሽ አለችኝ ጠዋት። እንደፈለግሁማ ቢሆን ራሱ መጥቶ በዳራት።

ሞቷል።

ማነው ያለው? እኔ ነኝ፣ አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም፣ ኢና ሊላሂ ይላሉ ወንዶቹ፣ የጀላል ድምፅ ይሰበራል፣ ወንድሙ ነዋ፣ ያ ሁሉ ባለጠመንጃ ያልደፈረውን ቃል እኔ ሚስቱ ልናገረው፣ የሱፍዬ አውፍ በለኝ፣ ምናለ ትንሽ ብታገሥ፣ ምናለ የሐርቡን ሰዎች ለከርሞ ብላቸው፣ ቢመጣስ? ነገ ቢመጣስ ምን ብዬ ዓይኑን አየዋለሁ?

ዳርኩህ ይላል ጀላል። ተቀበልኩ ይላል ሙሽራው። በቃ፣ ታሰረ፣ ሴቶቹ እልልታውን ያቀልጡታል፣ ረሂማ እልል በይ እንጂ አንቺ የሙሽራ እናት፣ ባሌ አሁን ነው የሞተው ረሂማ፣ ገና አሁን፣ በሰርግ ደግሞ አይለቀስም፣ ሁሉም አፍ አፌን ያየኛል፣ እል…