ለሰላ ጆሮ ብቻ

ዮፍታሔ ሽሮ ሜዳ፣ ከጋቢና ከነጠላ ሱቆቹ በላይ ባለች ጠባብ ክፍል የድምፅ ዕቃ ይሸጣል። ምላሱ ለጉድ ነው። ስፒከር ማንም ይሸጣል፤ የሱ እንጀራ ግን ኬብል ነው፣ ከአምፕሊፋየሩ ወደ ስፒከሩ የሚሄደው ገመድ። ተራውን ሽቦ፣ እዚያው ታች ያለ ሸማኔ በሸመነለት ጥበብ ያለብሰውና “በብር የተነከረ፣ በዘማሪውና በእርስዎ መሃል ያለውን መጋረጃ የሚገፍ” ብሎ ቴሌግራም ላይ ይለጥፈዋል። ከሥሩ ሁሌም አንዲት ዐረፍተ ነገር አለች፤ “ልዩነቱ የሚሰማው ለሰላ ጆሮ ብቻ ነው።”

ተንኮሉ እዚህችው ላይ ነው። የእኛ ሰው ይሉኝታው አይጣል ነው። ሱቁ ውስጥ ተቀምጦ፣ ተራው ገመድ ተነቅሎ ባለጥበቡ ሲሰካ ያዳምጣል። ምንም የተለየ ነገር አይሰማውም፤ ግን ማን ደፍሮ ጆሮዬ ደንዝዟል ይላል? አጠገቡ ያለው “ኧረ በጣም ይለያል” ሲል እሱም ራሱን ይነቀንቃል። ያኛውም እኮ ምንም አልሰማም። ዮፍታሔ ይህን አሳምሮ ያውቃል፤ እሱ ራሱ አንድም ቀን ልዩነት ሰምቶ አያውቅምና።

ጋሽ ግዛቸው ከቁስቋም ወርደው የመጡት ልጆቻቸው ስፒከር የገዙላቸው ሰሞን ነው። የበገና መምህር ናቸው። የሰፈሩ ደርዳሪ ሁሉ አውታር መቃኘት የተማረው ከእሳቸው ነው፤ ዮፍታሔም በልጅነቱ ሞክሮ ጣቱ እምቢ ብሎት ተወው እንጂ። የሟች መምህራቸውን የበገና ድርደራ ከካሴት ወደ ፍላሽ አስገልብጠው ነበርና አጥርተው መስማት ፈለጉ። ዮፍታሔ ሁለቱን ገመድ እያፈራረቀ አሰማቸው።

“እኔ እንጃ፣ ልዩነቱ አልተሰማኝም” አሉ።

“ጋሼ፣ እሱ እንግዲህ ጆሮ ይፈልጋል” አለና ሳቅ አለ። ሱቁ ውስጥ የነበሩት ደንበኞችም አብረው ሳቁ። ጋሽ ግዛቸው ከፍለው ባለጥበቡን ገመድ አስጠቀለሉ።

ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል ባለቤታቸው እትዬ ደሳለች ሱቁ ብቅ አሉ።

“ልጄ፣ ጋሼህ በገናውን ሊተው ነው” አሉት። “ያንን ገመድ ሲሰካ ሲነቅል ይውላል። አይሰማኝም ነው የሚለው። ጆሮው የሄደ ሰው የሰው ልጅ ቅኝት ያበላሻል ብሎ ቅዳሜ በገናውን ለተማሪው ለሮሐ ሊሰጣት ነው።”

“ሐኪም አላያቸውም?”

“አየው እንጂ። ጆሮህ ደህና ነው አለው። ሐኪም ምን ያውቃል፣ ዮፍታሔ ነግሮኝ የለም ወይ ይለኛል።”

ዮፍታሔ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ሴትዮዋ ሊወቅሱት ቢመጡ ምንኛ በቀለለው። “ከዚህ የተሻለ ገመድ ካለህ ብዬ ነው” አሉት እንጂ።

ቅዳሜ ሱቁን ዘግቶ ቁስቋም ወጣ። ጋሽ ግዛቸው ሳሎን ተቀምጠዋል፤ ባንክ የምትሠራው ተማሪያቸው ሮሐ በገናውን ታቅፋ አጠገባቸው ናት። ዮፍታሔ ሳይቀመጥ ጀመረ።

“ጋሼ፣ ዋሽቼዎታለሁ። ገመዱ ተራ ሽቦ ነው። ልዩነት የለውም፤ ማንም አይሰማውም፤ እኔም ሰምቼ አላውቅም። ጆሮዎ ደህና ነው።”

ይህን ብሎ ገመዱን ከስፒከሩ ነቀለና ጥበቡን በምላጭ ተረተረው። ውስጡ ያው የትም የሚሸጠው ሽቦ ነው። እንዲያዩለት እጃቸው ላይ አስቀመጠላቸው።

“ምነው ልጄ፣ ይህን የመሰለ ዕቃ ለእኔ ብለህ ታበላሻለህ?” አሉ ጋሽ ግዛቸው።

“ጋሼ፣ እውነቴን ነው። ማርያምን።”

“በእሷ አትማል!” አሉ ቆጣ ብለው። “ለእኔ ብለህ ኃጢአት ውስጥ አትግባ።” ከዚያ ድምፃቸው ለዘብ አለ። “እንዳላዝን ብለህ ነው፣ ገብቶኛል። ግን አንተ ውሸት አይሆንልህም፤ ከልጅነትህ ጀምሮ አውቅሃለሁ።”

ዮፍታሔ ፊቱ ነደደ። ቢሰድቡት፣ ከቤቴ ውጣ ቢሉት ይሻለው ነበር። ሲዋሽ አመኑት፤ እውነቱን ሲናገር ለደግነት ቆጠሩለት።

ሮሐ ጭንቁ ከብዷት ነው መሰል መደርደር ጀመረች። አንዱ አውታር ረግቦ ነበር። ጣቱ እምቢ ያለው ዮፍታሔ እንኳ ሰማው። የጋሽ ግዛቸው ፊት ኩምትር አለ፤ እጃቸውም ወደ መቃኛው ተዘረጋ፤ ግን ሳይደርስ ተመለሰ።

“ረግቧል፣ ጋሼ” አለ ዮፍታሔ። “ሰምተውታል እኮ። ልክ ነዎት፣ ረግቧል።”

ሽማግሌው እንባ ባቀረረ ዓይን ፈገግ ብለው አዩት። “ተው በቃ፣ ልጄ። አታባብለኝ” አሉት። እጃቸውን ጭናቸው ላይ አኖሩ።

ሮሐ ቀና ብላ የመምህሯን አፍ ጠበቀች። ሌላ ጊዜ ቢሆን ገና አንዴ ስትነካው “አቁሚ” ይሏት ነበር። ዝም አሉ። እውነትም ጆሯቸው ሄዷል ብላ አመነች፤ በሰው ፊት እሳቸውን ማሳጣት ደግሞ አልሆንልሽ አላት። አንገቷን ደፍታ በረገበው አውታር መደርደሯን ቀጠለች። ዮፍታሔም ተቀምጦ እስከ መጨረሻው ሰማ።