በሉጥፊያ ደም ውስጥ የተገኘው

ካርቱም ገና ካርቱም ሳለች፣ መድፍ ሳይገባባት፣ ካፉሪ በሚባለው የሀብታም ሰፈር ውስጥ ማዳም ሬሕማ የምትባል ሴት ቤት ወጥ ሠሪ ነበርኩ። ሬሕማ ማለት ምሕረት ማለት ነው። ስሙን ያወጡላት ሰዎች ተስፋ አድርገው ነበር፤ ምን ይደረግ። እኛ ከኋላዋ የምንጠራት ማዳም መርፌ እያልን ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና እስከ መጨረሻው አልሰማችም።

መርፌ ያልናት ደሟን አስቀድታ ስለማትጠግብ ነው። ታማ አይደለም፤ ሐኪም አዞላትም አይደለም። እንደኔ ያለው ሰው ስለ ጤናው የሚያስበው ሲያመው ነው፣ እሷ ግን ሳያማት ማወቅ ትፈልጋለች። በየወሩ ጃፋር የሚባል የግል ላቦራቶሪ ሠራተኛ ሽቶውን አርከፍክፎ፣ ትንሽ ሣጥኑን አንጠልጥሎ ይመጣል። እሷ ሶፋው ላይ ክንዷን ትዘረጋለች፣ እሱ ይቀዳል። በማግስቱ ውጤቱ በስልኳ ይገባና የቤቱ ሕግ ይለወጣል። ኮሌስትሮል ጨመረ ከተባለ ሥጋ ከቤት ይወጣል። ስኳር ከተባለ ቴምር ይቆለፍበታል። ዩሪክ አሲድ የሚሉት ነገር ከፍ ያለ ጊዜ ደግሞ ምስርና ፉል ሳይቀር ታገደ። ፉል! ካርቱም ውስጥ! እኛም የምንበላው ከዚያው ድስት ነውና በእሷ ደም ምክንያት እኛ ስንጾም ከረምን። እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ ጾም አይገርመኝም፤ ግን ሁዳዴም እኮ ፋሲካ አለው።

እኛ ስል፣ እኔ ጸሐይወርቅ፣ ቤት የምታጸዳው ሉጥፊያና ሾፌሩ ዳውድ ነን። ሁለቱ የወሎ ልጆች ናቸው፤ እሷ ከባቲ፣ እሱ ከከሚሴ። ከምሳ በኋላ ጋራዡ ጥላ ሥር ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ። ሌላ ምንም የለም፣ ሻይ ብቻ። እሱ አይናገር፣ እሷ አትናገር። እኔ በወጥ ቤቱ መስኮት አያቸዋለሁ፤ ሻይ እንደዚያ ሲጠጣ የትም አላየሁም። ብርጭቆው ከቀዘቀዘ በኋላ እንኳ ይነፉበታል።

እንዲህ የተደበቁት ማዳም ቤት ፍቅር ክልክል ስለሆነ ነው። ከሉጥፊያ በፊት የነበረችው በለጡ ከጎረቤት ዘበኛ ጋር ስትስቅ ታየችና ሻንጣዋ የዚያኑ ዕለት በር ላይ ተቀመጠ። ኢጋማዋ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃዷ፣ በማዳም ስም ነበር። ብዙም ሳትቆይ ፖሊሶቹ ከሻ በሚሉት አፈሳ ሰብስበው ወሰዷት። ሉጥፊያ ይህን ታውቃለች። ባቲ ያሉትን ሁለት ወንድሞቿን የምታስተምረው ደግሞ በዚህ ቤት ሥራ ነው። ስለዚህ የሆዷን በሆዷ ይዛ ሻይዋን ትጠጣለች።

አንድ ወር ላቦራቶሪው «የቤተሰብ ጥቅል» የሚል ነገር አመጣ፤ ሦስት ሰው ባንድ ላይ ይመረመራል። የማዳም ልጆች ዱባይ ናቸው፣ ባሏ መርፌ ሲያይ ይወድቃል። ጥቅሉ እንዳይባክን እኔና ሉጥፊያ ቤተሰብ ሆንን። እዚያ ቤት በኖርኩበት ዘመን ሁሉ ቤተሰብ የተባልኩት ያን ቀን ብቻ ነው፣ እሱም ለደሜ። ዳውድ ቤንዚን ሰልፍ ላይ ስለነበር ተረፈ።

በማግስቱ ጃፋር ተመልሶ መጣ። ማዳም አንዱን ቁጥሯን አልወደደችውም፣ ይደገምልኝ ብላለች። ቀድቶ ሲጨርስ ቀዝቃዛ ውሃ ፍለጋ ወጥ ቤት ገባና የኛን ውጤት በቃሉ ነገረን።

ስለ ጃፋር አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሱዳን «ቀ»ን «ገ» ነው የሚለው። ቀልብን ገልብ፣ ቀሪብን ገሪብ ይላል፣ እኛም ዐረብኛ የለመድነው እንደዚያ ነው። ጃፋር ግን የተማረ መሆኑ እንዲታወቅለት እንደ ዜና አንባቢ ከጉሮሮው «ቀ» ይላል። ጣጣውን ያመጣው ይኸው ነው።

በኔ ጀመረ። «አንቺ ቫይታሚን ዲ የለሽም።»

«እሱ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ከፀሐይ የሚገኝ ነው።»

ካርቱም ላይ፣ አስፋልቱ ጫማ በሚያቀልጥበት አገር፣ ስሜ ጸሐይወርቅ ሆኖ፣ ፀሐይ አነሰሽ ተባልኩ። ከዚህ በኋላ ምን ቢሉኝ የማምን ሆንኩ።

ወደ ሉጥፊያ ዞረና «አንቺ ደግሞ ዒንዲክ ፈቅር ደም» አላት። «ዒንዲክ» አለብሽ ማለት ነው።

ተያየን።

«ፍቅር?» አለች ሉጥፊያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«ፈቅር» አለ።

«ደሜ ውስጥ?»

«ታዲያ ጫማሽ ውስጥ ይሆናል? ደረጃ ስትወጪ ልብሽ ይመታል?»

ሉጥፊያ በመስኮቱ ወደ ጋራዡ አየች። «ይመታል።»

«የምግብ ፍላጎትስ?»

«የለኝም።»

«ራስሽን ያዞርሻል?»

«አንዳንዴ። ከምሳ በኋላ።»

«በቃ ራሱ ነው። ቆይቶብሻል» አለ ጃፋር ውሃውን እየጨለጠ። «አትፍሪ፣ ሴቶች ላይ የተለመደ ነው። ግማሽ ካርቱም አለባት።»

«ማዳምስ?» አልኩ፤ አፌ አያርፍም።

«ማዳም? ምንም የለባትም!»

ይህንንስ ያለ መርፌም አውቀው ነበር።

«መድኃኒት አለው?» አለች ሉጥፊያ።

«ቀላል ነው። ጉበት ብዪ። ኪኒን እልክልሻለሁ፣ ኢንሻአላህ በሦስት ወር ይለቅሻል። ሻይ ግን ተዪ። ከምሳ በኋላ የሚጠጣው ሻይ ነው የሚያባብሰው።»

ልጅቷ ጠረጴዛውን ያዘች። ሻዩን በምን አወቀ? ጃፋር ግን «ውጤቱን ለማዳም ልኬዋለሁ፣ ያላ፣ ሰላም ዋሉ» ብሎ ከነሽቶው ወጣ።

«እትዬ ጸሐይ፣ አለቀልኝ» አለች። «ስልኳን ከፍታ የምታየው እኮ ነው። ሻንጣዬን አሁኑኑ ላዘጋጅ?»

ላጽናናት ፈለግሁ፣ ግን በምን? ከአንድ ጠብታ ደም ፀሐይ እንደጎደለኝ ያወቀ መርፌ ፍቅር ቢያገኝ ምን ይገርማል? «ምናልባት ፍቅሩ የማን እንደሆነ አይጽፉም ይሆናል» አልኳት። ያን ጊዜ ያለኝ ማጽናኛ ይህ ብቻ ነበር።

የዚያን ዕለት ዳውድ ሁለት ብርጭቆ ሻይ ቀድቶ ጥላው ሥር ጠበቃት። እሷ መጥረጊያዋን ይዛ ቀና ሳትል በፊቱ አለፈች። ዳውድ ሁለቱንም ብርጭቆ ይዞ ወደኔ መጣ።

«እትዬ፣ ምን አጠፋሁ?»

«ሐኪም ከልክሏት ነው።»

«ሻዩን?»

«ሁለታችሁንም» አልኩት።

ሄዶ ጠዋት ያጠበውን መኪና እንደገና አጠበው።

በማግስቱ ጠዋት ማዳም ከሳሎን ተጣራች። «ሉጥፊያ! ታዓሊ!»

እኔም የማዳምን ጭማቂ አመካኝቼ ተከትያት ገባሁ። ማዳም ስልኳን እያየች ተቀምጣለች።

«ውጤትሽን አየሁት» አለች። «ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሆንሽው?»

«ከረመዳን ጀምሮ፣ ማዳም።»

«እኔ ቤት እየኖርሽ ለምን አትነግሪኝም? ከየት አመጣሽው?»

ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል። በዓይኔም፣ በቅንድቤም፣ በያዝኩት ትሪም ዝም በይ አልኳት። መች አየችኝ! መሬት ላይ ተንበረከከችና እንባዋ ወረደ።

«ከዳውድ ነው፣ ማዳም።»

ማዳም ስልኩን አስቀመጠች። «ዳውድ ምን አደረገሽ?»

«ምንም! ወላሂ ምንም አላደረገኝም! ሻይ ብቻ ነው የጠጣነው። እሱ አያውቅም፣ እኔ ነኝ የወደድኩት። ጉበት እበላለሁ፣ ኪኒኑንም እውጣለሁ፣ በሦስት ወር ይለቀኛል። ብቻ አያባርሩኝ!»

ማዳም በሁለት እጇ ጭኗን መታች።

«ሰጀሚ! ይህች ልጅ ምንድን ነው የምታወራው? ፈገር! ፈገር ደም! ፈግራን! ጉሩሽ ማፊ!» እያለች ባዶ ኪስ እንደሚገለብጥ ሰው ቀሚሷን ጎተተች።

«ገ»ዋ ስትመጣ ነገሩ ለሁለታችንም ገባን። ድህነት ነው የምትለው። የደም ድህነት። እኛ ደም ማነስ የምንለው፣ በቂ ያልበላ ሰው በሽታ። ምስኪን፣ ሳይቸግራት ጤፍ ብድር!

ሳቄ መጣ፣ ወዲያው ደግሞ ንዴቴ ቀደመው። ሥጋውን ከድስት ያወጣው፣ ምስሩን ያገደው ማን ሆነና ነው «ከየት አመጣሽው» የምትላት? «ያንቺ ደም እንዲያምር የእሷ ደኸየ፣ አንቺ መርፌ!» አልኩ ጮክ ብዬ። በአማርኛ ነው ያልኩት፤ ድፍረቴ እስከዚያ ድረስ ነው።

ማዳም ግን ለበሽታው ደንታ አልነበራትም። የሰማችው ዳውድ የሚለውን ስም ነው። «ደምሽ በኪኒን ይድናል» አለች ቀዝቀዝ ብላ። «ያኛው ነገር ግን እኔ ቤት አይሆንም። አንዳችሁ ዛሬውኑ ትወጣላችሁ።»

ሉጥፊያ ልትነሳ ስትዞር ዳውድ በሩ ላይ ቆሟል። ማዳምን ሊወስዳት የመኪናውን ቁልፍ ይዞ መጥቶ ሁሉንም ሰምቷል። ዐረብኛው ከኛ ይሻላል፣ አንድም ቃል አላመለጠውም።

«ዳውድ፣ ተሳስቼ ነው» አለችው በአማርኛ፣ ፊቷን በሻርቧ ሸፍና። «ደም ማነስ ነው አሉ። ፍቅር አይደለም። ውጤቱ ላይ የለም።»

«ውጤቱ ላይ የለም?»

«የለም።»

«አንቺ ጋስ?»

ሻርቡን ከፊቷ ላይ አወረደችው። ደም አነሳት የተባለችው ልጅ እስከ ጆሮዋ ቀልታለች። ወንድሞቿን አሰበች መሰለኝ። ከዚያ «እኔ ጋማ አለ» አለች።

ዳውድ ጫማውን ሳያወልቅ ምንጣፉ ላይ ገባ። ማዳም ዓይኗ ጫማው ላይ ነበር። ቁልፉን ጭማቂው አጠገብ አስቀመጠና «የምወጣው እኔ ነኝ፣ እሷን አይንኳት» አላት በዐረብኛ።

«አንተ ደግሞ ምን ሆነሃል?» አለች ማዳም።

«እኔ ተመርምሬ አላውቅም፣ ማዳም» አለ ዳውድ። «ግን አለብኝ።»