ሦስት ሰከንድ ቀርቶ ነበር

ዳኛዋን በፈትል ክፍል ችካል ነው የሚሏት። አንዴ ከተተከለች አትነቀልም ለማለት ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ በክር ፋብሪካ የተበጠሰ ክር ስትቀጥል ኖራለች፤ በእረፍት ቀኗ ደግሞ ፊሽካ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ የሠራተኞች ቅርጫት ኳስ ትዳኛለች። የፍጻሜ ጨዋታ ሲሰጧት ግን የዚያን ቀን የመጀመሪያዋ ነበር። የዳኞቹ ሰብሳቢ ጨዋታው ሳይጀመር በር ላይ ያዟት።

«የራስሽ ፋብሪካ ልጆች ናቸው የሚጫወቱት። እህትሽም አለችበት። ሰው ስላጣን ነው እንጂ አንቺን አልመድብም ነበር» አሏት። «ግርግር ከተነሳ ፊሽካውን ትመልሻለሽ። ዳኝነትሽ እዚያው ላይ ያበቃል።»

«ግርግሩን የማነሳው እኔ ነኝ እንዴ?»

«ነግሬሻለሁ።»

ከፋብሪካው ልጆች ጋር ለፍጻሜ የደረሱት የሆስፒታል ነርሶች ነበሩ። አዳራሹ ከፋብሪካው አጥር ጋር አንድ ግድግዳ ይጋራል። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ፋብሪካ አምሳ አንድ ለአምሳ ይመራል። ኳሷ ግን በረጅሟ ነርስ እጅ ናት፤ መሃል ሜዳውን አልፋለች። ዳኛዋ አንድ ዓይኗን ነርሷ ላይ፣ አንድ ዓይኗን የግድግዳው ሰዓት ላይ አድርጋለች። ስምንት። ሰባት። ይኼኔ ከግድግዳው ማዶ የፋብሪካው ሳይረን ጮኸ። ስምንት ሰዓት፣ የፈረቃ መቀየሪያ።

የፈትል ክፍል ሰው ሳይረን ከሰማ እጁ ከሥራ ይወርዳል። አስቦበት አይደለም፣ እጁ ራሱ ነው የሚያውቀው። በዚያ ላይ ልጆቹ በፋብሪካው ጓሮ ሲለማመዱ ሰዓት የሚባል ነገር የላቸውም፤ ሳይረኑ ሲጮህ እየመራ የነበረ አሸነፈ፣ አለቀ። እናም አምስቱም ተጫዋቾች ባሉበት እጃቸውን ሰቅለው ቆሙ። ተጠባባቂዎቹ ፎጣቸውን እየወረወሩ ሜዳ ገቡ። ከኋላቸው የፈትል ክፍሉ ፎርማን፤ አሠልጣኛቸውም እሱ ነው። አምበሏ፣ የዳኛዋ ታናሽ እህት፣ ተንበርክካ ወለሉን ሳመች። እውነቱን ለመናገር የዳኛዋም ትከሻ ላላ ብሎ ነበር።

ነርስ ግን ሳይረን ሲሰማ ይሮጣል እንጂ አይቆምም። ረጅሟ ነርስ ኳሷን እያነጠረች ወደ ቅርጫቱ ስትከንፍ ከጨፋሪዎቹ መሃል ገብታ ከፎርማኑ ቦርጭ ጋር ተላተመች። ሁለቱም ተዘረሩ።

ዳኛዋ ፊሽካዋን ነፋች። ሰዓቱ ቆመ። ሦስት ይላል።

አንዱን መዳፏን በሌላው እጇ ጣቶች ጫፍ ላይ አጋድማ ለጠረጴዛው አሳየች። የቴክኒክ ጥፋት ማለት ነው። ሰዓቱ እየቆጠረ ተጠባባቂ ሜዳ ከገባ ለተጋጣሚው አንድ ነጻ ውርወራ ይሰጣል፤ ከዚያ ኳሷ ቀድሞ ይዟት ለነበረው ቡድን ትመለሳለች።

ፎርማኑ ሱሪውን እያራገፈ መጣ።

«ሳይረኑ ጮኋል እኮ። አልሰማሽም?»

«ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ?»

«ሳይረኑ ለፋብሪካ ነው። ለሜዳው ፊሽካ አለ።»

«ግድ የለም፣ ነገ ማሽንሽ ጋ እንገናኛለን።»

«እንገናኛለን፤ የት እሄዳለሁ ብለህ ነው? አሁን ልጆችህን አስወጣ። ሳይወለድ ስም አወጣችሁለት፣ እኔ ምን ላድርጋችሁ?»

እህቷ ጠጋ ብላ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እትዬ፣ በሰው ፊት አታዋርጅን። ሦስት ሰከንድ ምን ታደርጋለች?»

«ምንም ካላደረገች ምን አስፈራሽ?»

«እማዬ እዚያ ተቀምጣለች።»

«ትያ። እኔንም የወለደችኝ እሷው ናት።»

ደጋፊው «ችካል ይነቀል» እያለ ወለሉን በእግሩ ይደበድባል። ሰብሳቢው ከወንበራቸው ተነስተው በእጃቸው «ተይው፣ ጨርሺው» ይሏታል። አየቻቸው፤ አይታም ጀርባዋን ሰጠቻቸው። ኳሷን ብብቷ ሥር ሸጉጣ መሃል ሜዳ ላይ ቆመች።

«ሜዳው ካልጸዳ ጨዋታው ለነርሶቹ ይሆናል» አለች። አልጮኸችም። እየተነጫነጩም ቢሆን አጸዱላት።

ረጅሟ ነርስ ነጻ ውርወራውን ወረወረች። ኳሷ ብረቱን መትታ ወጣች። ሦስቷ ሰከንድ ገና አለች። ኳሷ ከጎን ገባች፤ ነርሷ ተቀብላ፣ ዞራ፣ ዘለለች። አምበሏም አብራት ዘለለችና ኳሷን በጣቷ ጫፍ ነካቻት። ኳሷ ከቅርጫቱ ክንድ ሲቀራት ወደቀች። የአዳራሹ ሰዓት በራሱ ቀጭን ድምፅ ጮኸ። አምሳ አንድ ለአምሳ።

ማንም አልጨፈረም። ጭፈራውን ቅድም ጨርሰውታል።

ሰብሳቢው ወደ ጠረጴዛው መጡ። «ይኸው፣ ውጤቱ ያው ነው። ያን ሁሉ ጩኸት ያመጣሽብን ለምኑ ነው?»

«ያው አይደለም። ቅድም አላሸነፉም ነበር። አሁን አሸነፉ።»

«ፊሽካውን» ብለው እጃቸውን ዘረጉ።

ዳኛዋ ከጠረጴዛው ላይ ባዶ ወረቀት አነሳችና በተዘረጋው እጅ ላይ አስቀመጠችላቸው።

«እኔ አራተኛ ክፍልን እንኳ አልጨረስኩም፤ እርስዎ ይጻፉት። የትኛውን ሕግ እንደጣስኩ ይጻፉና ይፈርሙበት። ያኔ እመልሳለሁ።»

ሰብሳቢው እስክሪብቶ አወጡ። ቀኑን ጻፉ። ስሟን ጻፉ። ከዚያ እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ ተተክሎ ቀረ።

እህቷ በአጠገባቸው ሳታናግራት አለፈች። በሩ ጋ ስትደርስ ግን ተመለሰች።

«ነካኋት አይደል? የመጨረሻዋን ኳስ?»

«ነካሻት። አይቼሻለሁ።»

እህቷ ሳቋን ለማፈን ከንፈሯን ነክሳ ወጣች።

ቀጥሎ የወንዶቹ የደረጃ ጨዋታ ነበር፤ የዚያም ዳኛ እሷው ናት። ሰብሳቢው አሁንም ወረቀቱን እያዩ ነው።

«ሲጨርሱ ይጥሩኝ» አለቻቸው። «ሜዳው ላይ ነኝ።»

ሄዳ መሃል ሜዳ ላይ ቆመችና ፊሽካዋን ነፋች።