ምሰሶ ውስጥ የተቀበረ ቧንቧ

ቧንቧ ሠራተኛው ጡረታ ከወጣ ወዲህ የሚኮራበት አንድ ነገር ቢኖር ታላቅ እህቱ የምትኖርበት ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ነው። ከአርባ ዓመት በፊት ቧንቧውን በሙሉ ምሰሶ ውስጥ አስገብቶ ኮንክሪት ያስሞላበት እሱ ነው። ግድግዳው ላይ አንዲት ብረት አትታይም። አሠሪዎቹ "እጅህ ይባረክ" አሉት፤ ወጣት ሲመሰገን ደግሞ ልቡ ያብጣል። ቧንቧ ከኮንክሪት ቀድሞ እንደሚያረጅ ማን ልብ ብሎ!

አንድ መሐንዲስ ሕንፃውን ሊመረምር የመጣ ቀን ቧንቧ ሠራተኛው አብሮት ዞረ። ኮንክሪቱ ገና ሃምሳ ዓመት ይቆማል አለው መሐንዲሱ፤ ሕንፃ ዕድሜ የሚያገኘው ግን ቶሎ የሚያረጀው ነገር ሲለወጥለት ነው፤ ይኸኛው ቧንቧ ደግሞ ምሰሶ ሳይሰበር አይለወጥም። ቢሆንም መላ አለው፤ አሮጌውን መስመር ዘግቶ አዲስ በውጭ በኩል መዘርጋት። ምሰሶዎቹ ደረቅ ከሆኑ ማንም ከቤቱ አይወጣም። ቧንቧ ሠራተኛው እፎይ አለ። እህቱ ልጆቿን ያሳደገችው፣ ባሏን ያስታመመችው እዚሁ ነው፤ በሰባ ዓመቷ የት ትሂድ?

ሦስተኛ ፎቅ፣ እህቱ ማድ ቤት ገቡ። ምሰሶው እንደ ሁልጊዜው ነጭ ነው። መሐንዲሱ በመዶሻ ጠቅ ሲያደርገው ተደራርቦ የተቀባው ቀለም ተላጠ። ከሥሩ ኮንክሪቱ እንደ ተነከረ ብስኩት ፈረሰ፤ ምሰሶውን የሚይዘው ብረትም በዝገት አልቋል።

መሐንዲሱ ውሃው መስረግ የጀመረው መቼ እንደሆነ እህትየዋን ጠየቃት።

"ስድስት ዓመቱ" አለች፣ ወለል ወለሉን እያየች።

ወንድምየው ደሙ ፈላ። ያኔ ቢሰማ መስመሩን በአንድ ቀን ይዘጋው ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ ይህች ሴት ግን የሕንፃውን በሽታ ደብቃ ቁጭ አለች።

"እትዬ፣ በየሳምንቱ እየመጣሁ እንዴት አትነግሪኝም?"

"አንተ ትመጣለህ ስባል ነው ምሰሶውን የምቀባው። የታች ቤቷ ሴትዮ ምሰሶዬ ረጠበ ብትልህ ምን አልካት? እዚሁ ቆሜ ሰምቻለሁ።"

ትዝ አለው። "ወለል ስታጥቢ ነዋ" ብሎ አፏን አስይዟት ነበር። ቁጣው እልም አለ፤ ሐፍረት ብቻ ቀረ።

መሐንዲሱ ሕንፃው በሙሉ በአንድ ወር ውስጥ እንዲለቀቅ፣ ይህ ወገን ግን ዛሬውኑ ባዶ እንዲሆን ጽፎ ወጣ።

"የት ልግባ እንግዲህ?" አለች እህቱ።

ወንድምየው መኝታ ቤት ገብቶ ፍራሿን ማጠፍ ጀመረ።

"እኔ ቤት" አለ። "ብትነግሪኝም ኖሮ፣ እትዬ፣ እቆጣሽ ነበር እንጂ አላምንሽም ነበር።"