አርባ ሦስት እርምጃ

ከረፋዱ አራት ሰዓት ከሩብ ሲሆን ቢጫው ገመድ ከመብራት ምሰሶው እስከ ዳቦ ቤቱ በር ተወጥሯል። ከገመዱ ወዲያ ጭስ የሚተፋ ባለ ሁለት ፎቅ ሕንፃ፣ አንድ የእሳት አደጋ መኪናና ስድስት ሠራተኞች፤ ከገመዱ ወዲህ ሁለት መቶ የሚሆን ሰው፤ መካከል ላይ ገመዱን የሚጠብቀው ፖሊስ፣ ሃምሳ አለቃው፣ ብቻውን። እዚያው የምትሠራው ልብስ ሰፊ ላይኛው ፎቅ ላይ መቅረቷን ሁሉም ያውቃል። ደረጃው ስለሚነድ ያለ ውኃ የሚደርስላት የለም፤ መኪናው ይዞት የመጣው ውኃ ደግሞ እያለቀ ነው።

የሃምሳ አለቃው ትእዛዝ አጭር ነበር፦ መታወቂያ ያላሳየ አይለፍ። ባለፈው ወር አንድ ስብሰባ ላይ «ሐኪም ነኝ» ያለውን ሰው አምኖ አሳለፈ፤ ሰውየው ኪስ አውላቂ ሆኖ ተገኘ፤ እሱም የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተሰጠው። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና፣ ዛሬ ማንንም አያምንም።

በዚህ መሃል አንድ ሰው ሕዝቡን እየገፋ መጣ። ነጠላ ጫማ፣ የቤት ሹራብ፣ ትከሻው ላይ ቁመቱን የሚያህል ብረት።

«ወንድሜ፣ አሳልፈኝ። ከውኃ ክፍል ነኝ።»

«መታወቂያ።»

«እረፍት ላይ ነበርኩ፣ ደውለው ነው የጠሩኝ። የውኃ መስመሩ መክፈቻ እዚያ መንገዱ ላይ ካለው ክዳን ሥር ነው። ትናንት ለጥገና የዘጋሁት እኔው ነኝ።»

«መጀመሪያ ብረቱን መሬት አስቀምጥ።»

«ይሄ እኮ ቁልፉ ነው!»

«ይሄን የሚያህል ቁልፍ የሰማይ ቤት በር ነው እንዴ የሚከፍተው?»

ሰው ሳቀ። ሃምሳ አለቃው ሳቁ ደስ አለው። በኋላ እንቅልፍ የነሳው ይሄ ደስታው ነበር።

«ሰው እየነደደ አንተ ካርድ ትጠይቀኛለህ?» አለ ሰውየው፤ ድምፁ ተሰበረ። ሃምሳ አለቃው በሬዲዮ ጠየቀ። የጣቢያው አለቃ ሌላ ጥሪ ላይ ነበር። ደግሞ ጠየቀ፤ ጠበቀ። ቱቦው ሁለቴ አስሎ ደረቀ። ይሄኔ የእሳት አደጋው አዛዥ ወደ ገመዱ እየሮጠ መጣ።

«ቁልፉን የያዘው የታለ? አንተ ነህ? ምን ገተረህ?»

ሰውየው በገመዱ ሥር ጎንበስ ብሎ አለፈ። ሃምሳ አለቃውንም ቀና ብሎ አላየውም።

ውኃው ሲመጣ ሰፊዋን በሕይወት አወጧት። የመስኮቱን የጋለ ብረት ጨብጣ ነበር የቆየችው።

በሦስተኛው ቀን አለቃው የሪፖርቱን ቅጽ ገፋ አደረገለት። «መዘግየት» ከሚለው ፊት «የለም» ተብሎ ተሞልቷል።

«ፈርም እንጂ! ምን ያንገበግብሃል? የታዘዝከውን ነው የፈጸምከው።»

«ይሄን ሱሪ ያሳጠረችልኝ እሷ ናት፣ ጌታዬ።»

«እንግዲያው ሌላ ሰፊ ፈልግ!»

ሃምሳ አለቃው ቅጹን አጥፎ ኪሱ ከተተና ወደ መንገዱ ሄደ። ከመብራት ምሰሶው ተነስቶ እስከ ክዳኑ በእርምጃ ለካ። የውኃ ክፍሉን ሰው ቤቱ ድረስ ፈልጎ አገኘው፤ ሰውየው በሩን ከፍቶ እንዲገባ ሳይጋብዘው የጠየቀውን ብቻ መለሰለት። ከዚያ ጣቢያ ተመልሶ የሬዲዮ መዝገቡን አየ፣ «የለም»ን ሰረዘና ጻፈ፦ «አሥራ አንድ ደቂቃ። ያዘገየሁት እኔ ነኝ። ከገመዱ እስከ ክዳኑ አርባ ሦስት እርምጃ፤ ውኃውን ለመክፈት ዘጠኝ የቁልፍ ዙር።» ፈረመ።

ሰፊዋ ከሆስፒታል የወጣችው በአርባ ስድስተኛው ቀን ነው። ከቀኝ እጇ ጣቶች የሚታጠፉት ሁለቱ ብቻ ነበሩ።